ሞተሩን አስነሥታ የምትለይ ዕቃ

እስቲ ዛሬ ጆሯችሁን አውሱኝ። የማወጋችሁ ስለ ንጉሥም ስለ ጦረኛም አይደለም፤ መዳፍ ላይ ስለምታርፍ አንዲት ዕቃ ነው። ጎሚስታ ቤት ከኮምፕረሰሩ አጠገብ፣ አናጢ ቤት ከመጋዙ አጠገብ ወይም ግቢ ውስጥ ከውኃ ፓምፑ አጠገብ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ድምጿን ሰምታችኋል። ሞተሩ ይጠፋል፤ እየደከመ፣ እየደከመ ይመጣል፤ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ!» ትላለች። ብዙ ሰው የሞተሩ ማቃሰት ይመስለዋል። እሷ ግን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ለሚቀጥለው መነሻ መሰናዳቷ ነው።

ስሟ ሴንትሪፉጋል ስዊች ነው። የምትሠራው ሞተሩ በሚነሣባት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር እሷ ሥራ ፈት ናት። ታዲያ ይህች ሥራ ፈት አንድ ቀን «አልለቅም» ካለች ሞተሩን አንድዳ ታበስለዋለች።

እንዴት? ይህን ለመንገር ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ልብ በሉልኝ።

ጣልያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ፣ ጋሊሌዮ ፌራሪስ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበረ። በ1885 ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ወሰደና አንዱን ከሌላው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን አቆማቸው። በሁለቱ ውስጥ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እኩል እንዳይወጣና እኩል እንዳይወርድ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው እንዲከተል አደረገ። መሐላቸው ያኖራት ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር ምንም ሽቦ ሳይነካት ዞረች። ማግኔቱ በዓይን ሳይታይ እየዞረ ይዟት ሄደ ማለት ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ አይቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሰላ፣ ደመረ፣ ቀነሰና «ይህ ነገር ከሚበላው ኃይል ከግማሽ በላይ መልሶ አይሰጥም፤ ለፋብሪካ አይሆንም» ብሎ ደመደመ። ፓተንትም አላወጣበት። ማርች 18 ቀን 1888 በቶሪኖ የሳይንስ አካዳሚ ፊት አቀረበው፤ በቃ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 1 ቀን፣ አሜሪካ ውስጥ ኒኮላ ቴስላ በዚሁ ሐሳብ ላይ ፓተንቶቹን ተቀበለ። ሜይ 16 ኒውዮርክ ላይ በኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቆሞ አስረዳ፤ ዌስቲንግሃውስም መብቱን ለመግዛት ተዋዋለ። በ1889 ደግሞ ጀርመን አገር ኤ.ኤ.ጌ. ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሚካኤል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ባለ ሦስት ፌዙን ሞተር ሠራ። ሦስት ፌዝ ያለው ሞተር ደግሞ የማንንም እጅ አይለምንም። ኃይሉ በሦስት መስመር ተራ በተራ ስለሚመጣ ማግኔቱ ራሱ ይዞራል፤ ማብሪያውን ስትጫኑት ይነሣል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የእኔ ዕቃ ባልተፈጠረች። ችግሩ ያለው የእኔና የእናንተ ቤት ነው። ሦስት ፌዝ በየደጁ አይደርስም። ቤታችን የሚገባው አንዱ ፌዝ ነው፤ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። አንድ ፌዝ ብቻውን የሚሠራው ማግኔት አይዞርም፤ በሰከንድ 50 ጊዜ እዚያው ባለበት ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል። መሐል ያለው ዘንግ በየት በኩል ይሂድ? ግራ ይጋባና ቆሞ «እም…» ይላል። የሚገርመው፣ ጫፉን በእጅ ብታዞሩለት ይነሣል። ወደ ቀኝ ብትገፉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ብትገፉት ወደ ግራ። ከተነሣ በኋላ ማንንም አይፈልግም።

ስለዚህ መሐንዲሶች ገፊ ፈለጉለት። ከዋናው ጥቅል ጎን ሌላ ቀጭን ጥቅል ተጨመረ፤ የማስነሻ ጥቅል ይባላል። ከእሱ ጋር ካፓሲተር ተያያዘ። ካፓሲተሩ በማስነሻ ጥቅሉ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከዋናው ያስቀድመዋል፤ የፌራሪስ ሁለት ጥቅሎች እንደገና ተገኙ፤ ማግኔቱ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ባትሪው የሞተ መኪና ገፍታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የሰፈር ልጅ ሁሉ ይገፋል፤ መኪናው ሲነሣ ግን እጁን መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ ተጎትቶ አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል። የማስነሻ ጥቅሉም እንዲሁ ነው። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ካፓሲተሩም የሰከንዶች ሠራተኛ ነው። የተለመደው የማስነሻ ካፓሲተር የሚችለው በሰዓት 20 መነሻ ያህል፣ እያንዳንዱም 3 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መስመር ላይ ከቆየ ያብጣል፤ ቆቡን ወርውሮ ይፈነዳል። አንዱ ፈንድቶ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም።

እንግዲህ በሰዓቱ «ልቀቅ» የሚለው ማን ይሁን? መልሱ ከኤሌክትሪክ ዘመን በፊት ተገኝቶ ነበር። ጄምስ ዋት በ1788 የእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት ኳሶች ሰቅሎ ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ተበታትነው ይወጣሉ፤ ሲወጡም የእንፋሎቱን በር ጠበብ ያደርጉታል። እሱም ቢሆን ከራሱ አላመነጨውም፤ ወፍጮ ሠሪዎች ቀድመው ለድንጋዮቻቸው ይጠቀሙበት ነበር። የወፍጮ ሰው ብልሃት በዋት በኩል ዞሮ ሞተር ሆድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ላይ በ1891 የተመሠረተው ዋግነር ኤሌክትሪክ ስሙን የተከለበት የአንድ ፌዝ ሞተር በካርቦን ብሩሾች ይነሣና ፍጥነት ሲያገኝ በዚሁ በሚበታተን ክብደት አማካይነት ራሱን ወደ ተራ ሞተር ይለውጥ ነበር። ሞተሩ ጠንካራ ነበር፤ ዋጋውና ጣጣው ግን ብዙ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሲረክስ ብሩሹ ቀረ፤ የሚበታተነው ክብደት ግን አልቀረም።

አሁን ክዳኗን ከፍተን እንያት። ሁለት ክፍል ናት። አንደኛው ሻፍቱ ላይ ጠብቆ ከሻፍቱ ጋር ይዞራል፤ ክብደቶች፣ ሁለት ትናንሽ ሞላዎችና የምትንሸራተት ቀለበት አሉት። ሁለተኛው ከኋላው ክዳን ጋር የታሰረ፣ የማይዞር ሳህን ነው፤ የመገናኛ ነጥቦቹ እሱ ላይ ናቸው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቀለበቷ ሳህኑን ተጭና ነጥቦቹን ታጋጥማለች። ፍጥነቱ ሲደርስ ክብደቶቹ ይወጣሉ፣ ቀለበቷ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ነጥቦቹ ይለያያሉ፣ የማስነሻው ጥቅል ይሰናበታል።

ፍጥነቱ ስንት ላይ? ብዙውን ጊዜ ከሙሉው ፍጥነት 75 በመቶ ገደማ ላይ ነው። በእኛ 50 ሄርዝ ባለ አራት ፖል፣ ማለትም ባለ አራት የማግኔት ዋልታ፣ ሞተር በደቂቃ 1500 ዙር ነው የሚባለው፤ ጭነት ሲኖረው 1425 ወይም 1450 ይሄዳል። ስዊቿ 1100 አካባቢ ትለቃለች። ባለ ሁለት ፖሉ 3000 ነው፤ የእሱ 2250 አካባቢ ትለቃለች። እዚህ ላይ አንድ ጥበብ አለ፤ ልለፈው አልችልም። የመበታተኑ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም ክብደቶቹ ከመሐል በራቁ ቁጥር ኃይሉ ይብስባቸዋል። ስለዚህ በደንብ በተሠራ ስዊች ቀስ ብሎ መክፈት የለም፤ አንዴ ከተነቃነቁ ጨርሰው ነው የሚወጡት። ቀስ ብለው ቢለያዩ በነጥቦቹ መሐል እሳት ይዘንብና ይበላቸዋል። ሲመለሱም በዚያው በወጡበት ፍጥነት አይመለሱም፤ ሞተሩ በጣም እስኪደክም ይጠብቃሉ። ያቺ «ቀጭ» ሊቆም ሲል የምትሰማው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰፈር እንመለስ። አንድ አናጢ የመጋዙን ሞተር ተሸክሞ ጥቅል ሠራተኛ ዘንድ መጣ እንበል።

«ጋሼ፣ ይጮሃል እንጂ አይነሣም።»

«ቺንጋውን ፈትተህ ፑሌጃውን ስታዞርለትስ?»

«እሱማ ይነሣል።»

«በየት በኩል?»

«በፈለግሁት በኩል።»

«እንግዲያው ዋናው ጥቅል ደህና ነው፤ አትደንግጥ። ወይ ካፓሲተሩ ነው፣ ወይ ስዊቹ ነው፣ ወይ የማስነሻው ጥቅል ተበጥሷል። ከርካሹ እንጀምር። ደግሞ ልጄ፣ ምላጩ ታስሮ ሳለ በእጅህ አስነሣው ብትል ጣትህን ነው የምትቆጥረው፤ ሰምተሃል?»

የኋላውን ክዳን ሲከፍተው ምን አለ? የእንጨት ብናኝ። ነጥቦቹ መሐል ገብቶ ተጋግሯል። ጠረገው፣ ነጥቦቹን በስስ ሞረድ አለሰለሳቸው። በብርጭቆ ወረቀት አላሻቸውም፤ የወረቀቱ አሸዋ ነጥቡ ውስጥ ተቀርቅሮ እንደገና እሳት ይጠራልና። ሞተሩ ተነሣ።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ያጋጥማችሁ እንጂ ሁሉም እንዲህ አይደለም። «ጥቅሉ ተቃጥሏል፤ እንደገና ይጠቀለል» ማለት የሚቀናቸው አሉ፤ የመዳቡም የእጁም ዋጋ እዚያ ነው ያለው። በእውነት የተቃጠለ ጊዜም ቢሆን ምን እንዳቃጠለው የማይጠይቅ አለ። ነጥቦቹ ተጣብቀው ወይም ክብደቶቹ ዝገው ስዊቿ አልለቅ ብላ ያቃጠለችው ሞተር አዲስ ጥቅል ቢገባለት፣ አሮጌዋ ስዊች እዚያው ካለች፣ አዲሱንም ታቃጥለዋለች። ደንበኛው «መዳቡ መጥፎ ነው» ብሎ ይሄዳል። የጥቅሉን ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ስዊቿን አንድ ጊዜ ያልቀየረ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ይህን ስንፍና እንጂ ሙያ አልለውም።

ስዊቿ ጥፋት የሌለባት ጊዜም አለ። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አይታችኋል። 220 የነበረው 180 ከሆነ የሞተሩ ጉልበት በቮልቱ ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ሁለት ሦስተኛው ነው የሚቀረው። ጭነት ያለበት ሞተር እየተንፏቀቀ ይዞራል፤ 1100 አይደርስም፤ ስዊቿም የታዘዘችበት ፍጥነት አልደረሰምና አትለቅም። ካፓሲተሩ ይፈነዳል። ያን ማታ ቺንጋውን አላልቶ ማስነሣት ወይም ሥራውን ለነገ ማሳደር ይሻላል።

ተሰብራለች እንበል። ከየት ትገኛለች? አዲሷ ከቻይናና ከህንድ የሚመጣውን የፓምፕና የሞተር መለዋወጫ በሚሸጡ ሱቆች ትገኛለች። አሮጌዋን አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት በምናለሽ ተራ ከሞቱ ሞተሮች ሆድ ማውጣት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በዓይኑ ያያታል፤ «ይህችው ናት» ይላል፤ ይገዛታል። ሁለቱን ጉድ ልንገራችሁ።

የ3000ውን ስዊች 1500 ሞተር ላይ ብትገጥሟት መቼም አትለቅም። እሷ የምትጠብቀው 2250ን ነው፤ ሞተሩ ከ1500 አያልፍም። ሲነሣ ግሩም ነው፤ ጉልበቱም ደስ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭስ ይመጣል። የ1500ውን ስዊች 3000 ሞተር ላይ ብትገጥሟት ደግሞ ገና ሲሦውን መንገድ እንደሄደ ትለቀዋለች። ዋናው ጥቅል ብቻውን ጭነቱን አይችለውም፤ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ እሷ ትመለሳለች፤ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ትለቃለች። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ነጥቦቹን ይጨርሳል። ስለዚህ ከሻፍቱ ውፍረት በፊት የሞተሩን ታርጋ አንብቡ። ዙሩ ተጽፏል።

ሦስተኛውም ጉድ አለ፤ ይህ የወገን ነው። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ያለ ወንድም «እኔ እልክልሃለሁ» ይላል። ልቡን እግዜር ይይለት። አሜሪካ ግን 60 ሄርዝ ነው። ባለ አራት ፖሉ እዚያ 1800 ነው፤ ታርጋው ላይ ብዙ ጊዜ 1725 ተብሎ ታገኙታላችሁ። የዚያች ስዊች መልቀቂያ 1350 አካባቢ ይሆናል። እኛ ዘንድ 1350 ማለት ከ1500ው 90 በመቶ ነው። ጭነት ካልበዛ ይሠራ ይሆናል፤ ጭነቱ ሲከብድና ቮልቱ ሲወርድ ግን እዚያው ደፍ ላይ ያንጠለጥላችኋል። ሻፍቱም በኢንች ነው፤ አምስት ስምንተኛ ኢንች 15.9 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የእናንተው 16 ከሆነ «በመዶሻ ትገባለች» ብላችሁ ፕላስቲኳን ትሰነጥቃላችሁ። ወንድማችሁን የ50 ሄርዝ ካልሆነ እንዳይልክ ንገሩት።

ከነጭራሹ ብትጠፋስ? መሥራት ይቻላል? ግማሿን፣ አዎን። የማይዞረውን ሳህን ጎበዝ ሠራተኛ ከፋይበር ቆርጦ ያወጣዋል፤ ለመገናኛ ነጥቦቹ ከሞተ ኮንታክተር ላይ ብሩን ነቅሎ ይበይዳል፤ ነጥቡን ለምትሸከመው ምላስም ሞላነት ያለው ነሐስ ይፈልጋል። የሚዞረው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ቶርኖ ቤት እምብርቱን ያወጡታል፣ ክብደቱንም ያወጡታል፤ ሞላው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም ይላል። ምስጢሩ እዚያ ነውና። ከሞላው አንድ ዙር ብትቆርጡ ይጠነክራል፤ ስዊቿ ዘግይታ ትለቃለች። ክብደት ብትጨምሩ ቶሎ ትለቃለች። መካከሉን በግምት አታገኙትም፤ መሞከር ነው።

መሞከሪያው ደግሞ እዚያው ቶርኖው ነው። የማሽኑ ዙር በሰንጠረዥ ተጽፏል። የሠራችኋትን ስዊች በአጭር ሻፍት ላይ ገጥማችሁ ቶርኖው ላይ እሰሯት፤ ሳህኗን ፊት ለፊቷ አቁሙ፤ በነጥቦቹ በኩል በባትሪ የምትበራ ትንሽ አምፖል አያይዙ። ዙሩን ደረጃ በደረጃ ጨምሩ። አምፖሏ የጠፋችበት ዙር የእናንተ ስዊች መልቀቂያ ነው። ደግሞ ክብደቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ትክክል አትቁሙ፤ ቢነቀል የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ኩሽኔታ ስትቀይሩም እንዲሁ አንድ ነገር አትርሱ። የሚዞረውን ክፍል ከሻፍቱ ከመንቀላችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በመርፌ ጫፍ ምልክት አድርጉበት። ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ነጥቦቹን አይጫናቸውም፤ ወደ ውጭ ከወጣ አይለቃቸውም። ደህናውን ሞተር አዲስ ኩሽኔታ አስገብተው የሚገድሉት በዚህ ነው።

ያለ እሷ መኖርም ይቻላል፤ አልደብቃችሁም። የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር በብረት ታሽጎ በዘይትና በጋዝ መሐል ስለሚዞር እሳት የሚተፋ ነጥብ ውስጡ አይገባም። ስለዚህ ከውጭ ሪሌ ወይም ሲሞቅ መንገዱን የሚዘጋ ፒ.ቲ.ሲ. የሚባል ሴራሚክ ይገጠምለታል። ፒ.ቲ.ሲ. እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ አሁንም አሁንም ለሚበራና ለሚጠፋ መጋዝ አይሆንም። ለአናጢ ቤትና ለወፍጮ ቤት፣ ብናኝ ለማያልቅበት ቦታ፣ እኔ የምፈርደው ለቮልቴጅ ሪሌ ነው፤ ከሞተሩ ውጭ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ብናኙ አያገኘውም። የሪሌው ቮልት ግን በማስነሻ ጥቅሉ ላይ ተለክቶ መመረጥ አለበት፤ ሻጭ በሰጠው አይገጠምም።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ሞተራችሁ «እም…» ብሎ ሲቀር ለጥቅል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላው ክዳን በፊታችሁ ይከፈት፣ ስዊቿን አሳዩኝ በሉ። ተሰብራ ከሆነም አትጣሏት፤ ሞላዋም ክብደቷም ሳይጎድል በላስቲክ ቋጥራችሁ፣ የሞተሩን ታርጋ በስልካችሁ አንሥታችሁ፣ ሁለቱን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።